የኦቦ ኡዴሳን ክኒን ልቆጥር ነገሌ ወረድኩ

ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ላደገ ሰው ቆላ ማለት ወሬ ነው። እኔም እንጦጦ ሥር በብርድ ያደግሁ ነርስ ነኝ፤ ሥራ ባይልከኝ ኖሮ ከሐዋሳ ወዲያ ያለውን አገር በካርታ ብቻ አውቀው ነበር። ይህን የምጽፈው ከተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ድካሙ ወጥቶልኛል፤ ንዴቱ ግን ገና አለ፤ የተናደድኩትም በራሴ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ለምን ለአንድ ብልቃጥ ክኒን ይህን ሁሉ አገር እንዳቋረጥኩ አይገባችሁም። የልብ ድካም ላለባቸው ሰዎች አንድ መድኃኒት ይጠቅም እንደሆነ የሚፈትሽ ጥናት ላይ እሠራለሁ። ጥናቱ ውስጥ የገባ ሰው የለመደውን የልብ መድኃኒት አይተውም፤ በዚያ ላይ በየወሩ አንድ ብልቃጥ ይጨመርለታል። ግማሾቹ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ፣ ለማነጻጸሪያ የተሠራ ባዶ ክኒን ይደርሳቸዋል። የትኛው ለማን እንደደረሰ እኔም አላውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ፤ የሚያውቀው የተቆለፈ መዝገብ ብቻ ነው።

በብልቃጡ ሠላሳ አምስት ክኒን አለ። የሚዋጠው በቀን አንድ ነው። ሰውየው በሠላሳኛው ቀን ሲመጣ የተረፉትን አምስቱን ይዞ ይመጣል፣ እኛ እንቆጥራለን። ረስቶ ሰባት የሚያመጣ አለ፣ አንዱን ጥሎ አራት የሚያመጣ አለ። የነገሌ ቦረናው ኦቦ ኡዴሳ ግን ሦስት ወር በተከታታይ ባዶ ብልቃጥ መለሱ።

ባዶ! አምስቱ የት ገቡ? በዚያ ላይ ክብደታቸው በየወሩ ይጨምራል፤ በልብ ድካም ደግሞ ክብደት መጨመር መወፈር ሳይሆን ውኃ መቋጠር ነው። መድኃኒቱ እውነተኛው ከሆነና ከልክ በላይ ከተዋጠ ኩላሊት ይጎዳል፤ የደሙን ጨው አዛብቶ ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። የነገሌዋ ነርሳችን አራስ ናት። አለቃዬ ዶክተሩ ጠራኝና፣ «አስቴር፣ አንቺው ውረጂ። ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ላይ መርምረሽ ያስገባሻቸው አንቺ ነሽ፣ ያውቁሻል» አለኝ። ያውቁኝ ነበር፣ እንዴታ!

የመጀመሪያው ቀን። በማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ልብሴ እግሬ ሥር፣ የደም ናሙና የሚያዝበት የበረዶ ሣጥን ጭኔ ላይ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት እስከ ሞጆ ድረስ ሣጥኑን በዐይናቸው ሲበሉት ቆዩና፣ «ልጄ፣ አይስክሬም ነው?» አሉኝ። ለደም ነው ብዬ ብመልስላቸው አማተቡ፤ እስከ ሐዋሳም ወደ መስኮቱ ተለጥፈው ሄዱ። ሐዋሳ ማታ አሳ ጥብስ በላሁ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ በእኛ ሰፈር ዳቦ ለመግዛት እንኳ ዳገት መውጣት ግድ ስለሆነ፣ ያለ ምንም ሥራ ወዲያ ወዲህ ስል አመሸሁ።

ሁለተኛው ቀን። ቆላ ነው ተብዬ ሹራቤን ቤት ትቼ ነበር። የነገረኝን ሰው ፈልጌ ብቀጣው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሌ ለመድረስ መጀመሪያ በቦሬ ደጋ መታለፉን አልነገረኝማ። ቦሬ ላይ ጉም መንገዱን ውጦታል፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ይሳባል። እንሰቱና ቀርከሃው መሃል ጥርሴ ሲንገጫገጭ የሰማች አንዲት የቡና ነጋዴ ጋቢዋን ገፍፋ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። «አንቺስ?» ብላት፣ «እኔ ስብ አለኝ፣ አንቺ ምን አለሽ?» ብላ አውቶቡሱን በሙሉ አሳቀችብኝ። ስቄ ተጠቀለልኩበት፤ ጋቢው ይሞቅ ነበር።

አዶላ ስንደርስ መሸ። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ውኃ የለም። የቤቱ እመቤት አንድ ጀሪካን ራሷ ተሸክማ አመጣችና፣ «ግማሹ ለፊትሽ፣ ግማሹ ለእግርሽ፤ ለሌላው ነገሌ ትደርሻለሽ» አለችኝ። እኛ ቤት ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ብዬ የማማርረው ሴትዮ እዚያ አፌን ዘጋሁ።

ሦስተኛው ቀን። ከአዶላ እስከ ዋደራ ጫካው አለ፤ ከዋደራ በኋላ መሬቱ ይቀላል፣ ዛፉ ያጥራል፣ ግራሩ ይበዛል፣ ከሰው የሚረዝም ኩይሳ በየመንገዱ ዳር ይቆማል። ሹራብ የተመኘሁበት ቀን ትናንት መሆኑን ማመን አቃተኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል፤ አንዳንዴም አንድ ሰው እዚያው ንግግሩ መሃል ይሻገራል። ጎማ ፈነዳብን፤ ትርፉ ጎማም ፈንድቶ የተጠገነ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሰዓት ግራር ሥር ተቀምጠን ግመሎች ሲያልፉ አየን። ግመሎቹም እኛን በደንብ አዩን።

ነገሌ የወታደርና የገበያ ከተማ ናት፤ ባጃጁ ልክ የለውም። በበረዶ ሣጥኔ ውስጥ ያሉት ማቀዝቀዣዎች ቀልጠው ውኃ ሆነዋል። የሆስፒታሉ ፍሪጅ ተበላሽቷል፤ ሠሪው ከሐዋሳ ይመጣል ተብሏል። ገበያው ዳር ለስላሳ የሚሸጡ ወይዘሮ ሶፊያ የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ገብቼ ችግሬን ነገርኳቸው። «የደም ነው?» አሉ። «ደም ገና አልገባበትም፣ የሚያቀዘቅዘው ብቻ ነው» አልኩ። ሚሪንዳውን ወደ ጎን ገፉና አስገቡልኝ። «ለበሽተኛ ነው አይደል፣ እንግዲህ ሚሪንዳው ይሙቅ» አሉ። እራት ከልጆቻቸው ጋር ሩዝ በሥጋ በላሁ። አዲስ አበባ አንድ ባለሱቅ በረዶ ላሳድር ብዬ ብጠይቀው ምን እንደሚመልስልኝ ሳስበው ሳቄ መጣ።

አራተኛው ቀን። ሆስፒታል ቁጭ ብዬ ተሳታፊዎቹን ጠበቅሁ። አምስት ሰዎች መጡ፤ ክኒናቸውን ቆጠርኩ፣ መዘንኳቸው፣ ሁሉም ደህና። ኦቦ ኡዴሳ አልመጡም። ስልክ ብደውል «አካም ሲስተር፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ከጠየቁ በኋላ፣ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ አሉ። «ክኒኑን እየወሰዱ ነው?» አልኳቸው። «በቀን አንድ» አሉ። «ሌላ ሰው ይወስዳል?» ስል ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሳቸው ይሁኑ አላውቅም። በማግስቱ ራሴ ልሄድ ቆረጥኩ።

አምስተኛው ቀን። ባጃጅ ተኮናትሬ ከከተማ ወጣሁ። ባለባጃጁ ሮባ ይባላል፤ ኦሮምኛው ሲያቅተኝ ሊተረጉምልኝም ተስማማ። የደረቀ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ያዘን። እሱ ሲነዳ እኔ ስገፋ፣ እኔ ስጮህ እሱ ሲስቅ፣ በመጨረሻ ባጃጁን ትተን ሣጥኑን በየተራ እየተሸከምን በእግራችን ደረስን።

ኦቦ ኡዴሳ ከቤታቸው ደጅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ እግራቸው ብቻ የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ምራታቸው ወተት አቀረበችልን። የወተቱ ዕቃ በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ የጭስ ጣዕም አለው፤ እንደኛ አገር የላስቲክ ወተት ውኃ ውኃ አይልም። ወተቱን ጨርሼ ብልቃጡን ጠየቅሁ።

ብልቃጡ ከተሰጣቸው ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ሃያ ሦስት ክኒን መኖር አለበት። ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አንድ። በዐሥራ ሁለት ቀን ሃያ አራት ክኒን ሄዷል።

«ኦቦ ኡዴሳ፣ በቀን ሁለት ይወስዳሉ?»

«አንድ ብዬሻለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ አልዋሽም።»

«ታዲያ ሁለተኛውን ማን ይወስዳል?»

የብልቃጡን ክዳን መልሰው ገጠሙ። ሮባ በጆሮዬ፣ «ሲስተር፣ እዚህ ሰው የሰጠውን አይናገርም፤ ከተናገረ የተቀበለውን ማዋረድ ነው» አለኝ። በዚህ መሃል ከቤቱ ውስጥ በዱላ እየተደገፉ አንድ ሌላ ሽማግሌ ወጡ። ፊታቸው አብጧል፣ እግራቸው አብጧል፣ ሁለት እርምጃ ሄደው ይተነፍሳሉ። ሲያዩኝ ቆሙ። እኔም ዐወቅኋቸው።

ኦቦ ዋቆ ናቸው፤ የኦቦ ኡዴሳ ታናሽ ወንድም። ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ላይ ሰው ስንመርጥ ወንድማማቾቹ አብረው መጥተው ነበር፤ ሁለቱም የልብ ድካም አለባቸው። የሁለቱንም ደም ወሰድኩ። የኦቦ ዋቆ ኩላሊት ደከም ያለ ሆኖ ስለተገኘ ለጥናቱ መድኃኒት አይሆኑም ነበር። ይህ ደንብ ነው፣ የወጣውም እሳቸውን ሊጠብቅ ነው። ግን እኔ ምን አልኩ? ኮሪደሩ ሙሉ ሰው፣ ቀኑ እየመሸ፣ «ኡዴሳ ይግቡ፣ ዋቆ አያልፉም፣ ይሂዱ» አልኩ። ያችን ቃል ብቻ! ለምን እንደማያልፉ፣ ኩላሊትዎ ክትትል ይፈልጋል፣ መደበኛ ሕክምናዎን ነገሌ ሆስፒታል ይቀጥሉ የሚል ቃል የለም። የሪፈር ወረቀት መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። ሰውየው ከጥናቱ መውጣታቸውን ከሕክምናው እንደተባረሩ ቆጥረው ቤታቸው ገቡ። ከሦስት ወር በፊት ሕመሙ ሲብስባቸው፣ ወንድማቸው የእናት ልጅ ናቸውና በየቀኑ አንድ ክኒን ለራሳቸው፣ አንድ ለታናሻቸው ቆነጠሩ። በአሥራ ሰባት ቀን ብልቃጡ ያልቃል፤ የቀረውን ወር ሁለቱም ያለዚህ ክኒን ይቀመጣሉ። የከለከልኩት መድኃኒት ከደጅ ዞሮ በጓዳ ገባላቸው፤ ያውም ለደከመ ኩላሊት።

«ኦቦ ዋቆ፣ አሁኑኑ ደምዎን ልውሰድ፤ ከዚያ አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን። ይህ ክኒን ለእርስዎ አደገኛ ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ቁጭ አሉ፤ ተነፈሱ፤ አዩኝ። «ያን ጊዜ ደሜን ወስደሽ አልፈለግሽኝም። ዛሬ ደሜ ምን ሆኖ ተወደደ?»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ፊታቸውን አዞሩ። የሐኪም ነገር አስረዳሁ፣ ሮባ በኦሮምኛ ደገመው፤ ወይ ፍንክች! ለመንኩ፤ እንቢ። ተቆጣሁም፣ አልደብቅም፤ «ካልሰጡኝ እዚሁ አድራለሁ» አልኩ። «ቤቱ ሰፊ ነው» አሉኝ።

ኦቦ ኡዴሳ ያን ጊዜ ተናገሩ። «ልጄ፣ ሰው አስቀይመሽ በባዶ እጅ ይቅርታ አይባልም። እርጥብ ሳር ይዘሽ ነይ። ሳር ይዞ የመጣን ሰው ዋቆ አይመልስም።»

እርጥብ ሳር! በዚያ በጋ! ከብቱ መሬቱን ላጭቶታል። እኛ ሰፈር ቢሆን ከአጥር ሥር ነጭቼ እመለስ ነበር። ከሮባ ጋር ወጣን። አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ዞርን፤ የያዝኩት ሁሉ እጄ ላይ ዱቄት ይሆናል። ነርስ ነኝ፣ አንድ ሰው በአጠገቤ ኩላሊቱ ይሞት ይሆናል፣ እኔ ሳር እፈልጋለሁ! በመጨረሻ የቦኖ ውኃው ጋ ደረስን። ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር አለ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ተንበርክኬ ስነጭ አዩና ምን ሆና ነው አሉ። ሮባ ነገራቸው። አንዷ ጀሪካኗን አስቀምጣ መጣችና፣ «ይሄ አይበቃም፤ ዋቆን አታውቂውም፣ እልኸኛ ነው!» ብላ ከድንጋዩ ሥር ጨመረችልኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ዕንባዬም መጣ።

ሳሩን በሁለት እጄ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። «ኦቦ ዋቆ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የመለስኩዎት ክፉ ስለሆኑ ወይም ስለማይረቡ አይደለም። ኩላሊትዎ መድኃኒቱን አይችልም ብዬ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኩዎትም፣ ወደ ሌላ ሐኪምም አልላክሁዎትም። ይቅር ይበሉኝ።» ኦቦ ዋቆ ሳሩን ተመለከቱ። ከእጄ ላይ አንድ ዘለላ ወሰዱና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በግራው ውሰጂ፣ ቀኙ ዱላ ይይዛል» አሉ።

ደሙን ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁ። ሮባ የመንደሩን ወጣቶች ጠርቶ ባጃጁን አስወጣ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ከኋላ አስቀምጠን፣ እኔ ከሮባ አጠገብ ግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ነገሌ ገባን።

ስድስተኛው ቀን። የሆስፒታሉ ሐኪም ወንድማማቾቹን ተቀብሎ አስተኝቷቸዋል። የደሙ ውጤት ወጣ፤ የኦቦ ዋቆ ኩላሊት ካለፈው ዓመት ብሷል። አሁን ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ክኒኑ ምን እንደነበር ነው። አዲስ አበባ ደወልን። የተቆለፈው መዝገብ የሚከፈተው ለሰው ሕይወት ሲባል ብቻ ነው፤ ዶክተሩም ሁለት ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነኝ አልኩ። ሐኪሙ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲጠብቅ እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። መድኃኒቱ እውነተኛው ከሆነ ኩላሊቱን የገደለው የእኔ ጥድፊያ ነው ማለት ነው።

ስልኩን ዘጋው። «ባዶው ነው» አለኝ።

ተመስገን አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ክኒኑ አልጎዳቸውም፤ ኩላሊታቸው የባሰው ዓመቱን ሙሉ ሐኪም ሳያያቸው ስለተቀመጡ ነው። ይህንንም ያደረግሁት እኔው ነኝ። ሐኪሙ ገና መትረፍ ይችላሉ፣ ሕክምናውን ዛሬ እንጀምራለን አለ። የኦቦ ኡዴሳም ክኒን መዝገቡ ስለተከፈተ ይቆማል፤ መደበኛ መድኃኒታቸው ግን ይስተካከልላቸዋል።

ለወንድማማቾቹ መናገር የእኔ ድርሻ ነበር። አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። ገና ሲጀመር ከሁለት አንዱ ባዶ ነው ብዬ እንደነበር አስታውሼ፣ የእርስዎ ባዶው ነበር አልኳቸው። ኦቦ ኡዴሳ ጣራውን አዩ።

«ምንም የለውም?»

«ምንም።»

«እንዲያውም ባዶ መሆኑን ባውቅ ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ «ብልቃጡን ሙሉ እሰጠው ነበር።»

ኦቦ ዋቆ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ታዲያ ለምን እንቅልፍ ሰጠኝ?» አሉ። ኦቦ ኡዴሳ ግን ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «እንግዲህ እኔም አላልፍም ማለት ነው? ልሂድ?» አሉኝ።

«ክኒኑ ነው የቆመው፣ እርስዎ የትም አይሄዱም» አልኳቸው። ካርዳቸውን አወጣሁ፤ ለሁለቱም የክትትል ቀን ጻፍኩ፣ ስልኬን ጻፍኩ፣ ጮክ ብዬም አነበብኩላቸው።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን በመንገድ አለቁ። ወይዘሮ ሶፊያ ለመንገድ ተምር ቋጥረውልኛል፤ ሮባ ሣጥኑን እስከ መናኸሪያ ተሸክሞ ሸኘኝ። ቦሬ ላይ በረደኝ፣ ሐዋሳ ላይ ሞቀኝ፣ ሽሮ ሜዳ ስደርስ ውኃ አልነበረም።

በማግስቱ የጥናት ደንብ ሲጣስ የሚሞላውን ቅጽ ሞላሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ «ተሳታፊው ክኒኑን ከጥናቱ ለተመለሰ ወንድሙ አካፍሏል። ወንድሙን ያለ ማብራሪያና ያለ ሪፈር የመለስኩት እኔ ነኝ።» ፈረምኩ።

ዶክተሩ አነበበው። «የመጀመሪያው ይበቃ ነበር» አለ። «ይህ ሁለተኛው ከሥራሽ ሊያስነሳሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። አይሰረዝም።»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «አስቴር፣ ሌሎቹንስ?» አለኝ። «የመለስናቸውን ሁሉ እንዲሁ ነው የመለስናቸው?»

ያልተመረጡትን ሰዎች ዝርዝር ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ከሞያሌ መንገድ፣ ከሻኪሶ፣ ከቡሌ ሆራ፣ ከነገሌ። ወንበሬን ሳብኩና የመጀመሪያውን ስልክ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ እማማ፣ እኔ ሲስተር አስቴር ነኝ። አዎ፣ አያልፉም ብዬ የመለስኩዎት። ዛሬ ትንፋሽዎ እንዴት ነው?»